ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ሹፌር

ጡረታ በወጣሁ በሰሞኑ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ልጆች "እማማ ጽጌ፣ አንድ ቀን እንኳ እንደ እንግዳ ይሂዱና ይዩን" ብለው ወደ አርሲ ደጋ በሚሄደው ሚኒባስ ላይ አሳፈሩኝ። መንገዱ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁበት መንገድ ነው፤ ከናዝሬት በአሰላ አድርጎ በቆጂ፣ አመሻሽ ላይ መመለስ። አሁን ከተማው አዳማ ነው የሚባለው፤ እኔ የሠራሁት ናዝሬት ሲባል ስለሆነ አፌ እንደለመደው ልጻፈው። አስጎብኚው ማይክሮፎን ጨብጦ ከአዋሽ ድልድይ እስከ አሰላ አፉን አልዘጋም። ጭላሎ ተራራ ደመናውን ገልጦ ብቅ ሲል እንኳ አላከበረውም። በቆጂ ስንደርስ ከወንበር ሥር አንዲት ቀጭን በትር አወጣና "ይህች ሲንቄ ትባላለች፤ ያገባች የአርሲ ሴት የክብር በትር ናት። ይዟት ፎቶ የሚነሣ?" አለ። ፈረንጆቹ በየተራ እየያዙ ተነሡ። እኔ ከመኪናው አልወረድኩም። "አመመዎት እንዴ?" አሉኝ። "አዎ፣ አመመኝ" አልኩ።

የምጽፈውም ስላመመኝ ነው። ስለ አገር ውበት የሚጽፍ ሞልቷል።

ሥራ የጀመርኩት ሶደሬ፣ ፍል ውሃው አጠገብ፣ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ነው። እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት፣ ኦሮምኛውን ከሰፈር ነው ያገኘሁት፤ ናዝሬት ያደገ ልጅ ገበያ እየተላከ ሁለት አፍ ማውጣቱ ብርቅ አይደለም። ሁለቱን በማወቄ አብዮቱ በፈነዳ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ ጉብኝት ክፍል አዛወሩኝ። ቆቃ ወሰድኩ፤ እዚያ እንግዳው ሐይቁን እያየ ግድቡን ፎቶ እንዳያነሣ እጁን እጁን መጠበቅ ነበር ሥራዬ። ላንጋኖ ወሰድኩ፤ ሻሸመኔን አልፌ ወንዶ ገነት ወሰድኩ። እንግዶቻችን ያኔ ከሶሻሊስት አገሮች የመጡ ባለሙያዎችና ሚስቶቻቸው ነበሩ። በትንሽ ሚኒባስ፣ ለአንድ ቀን፣ ደጋ አይተው ነፋስ ተቀብለው የሚመለሱ። የውሎ አበላችን ምሳ ከበሉበት ለሻይ አይተርፍም ነበር፤ ስለ እሱ ይብቃኝ።

አለቃ ብዙ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ከንጉሡ ዘመን የተረፉ፣ ከረባታቸውን ሳያጠብቁ እንግዳ ፊት የማይወጡ ጨዋ ሰው ነበሩ። ከረባታቸው ወንጀል ሆነና ተነሡ። በቦታቸው ጓድ ታምራት መጣ። ከአዲስ አበባ የተላከ ካድሬ ነው፤ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግሩም እንደዚያው። ስለ ጉብኝት ሥራ የሚያውቀው ፈረንጅ ካሜራ እንዳለው ብቻ ነበር፤ እሱንም የሚያውቀው በጥርጣሬ ነው። በየሳምንቱ ሂስና ግለሂስ አስቀምጦን "ተራራ ለማሳየት ብቻ ነዳጅ አናቃጥልም" ይለን ነበር። ታዲያ ምን ልናሳይ ኖሯል? አልን በሆዳችን። መልሱ ቆይቶ መጣ።

ሥራዬን ያስተማረኝ አለቃ አይደለም፤ ሹፌር ነው። ጋሽ ከድር ይባላል። አገሩ ከበቆጂ ወዲህ ሌሙ ነው፤ ናዝሬት ከገባ ብዙ ዘመኑ ቢሆንም ደጋው ከላዩ አልወረደም። ጠይም፣ ረጅም፣ በሙቀትም በብርድም ያችኑ ቡናማ ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው ነበር። ጠዋት ሌሎቹ ሹፌሮች ጎማቸውን በጫማ ጫፍ መታ መታ አድርገው ይነሣሉ፤ እሱ ግን እያንዳንዱን በእጁ እየዳበሰ ይዞራል። ቀጥሎ ተሳፋሪውን ያያል። ዳገቱ ሲጀምር ማን ሆዱን እንደሚያመው ገና ናዝሬት ሳለን ከፊቱ ያውቀዋል፤ ሰውዬው ራሱ ሳያውቅ አንሥቶ ፊት ወንበር ያስቀምጠዋል።

አንድ ቀን ኢተያን አልፈን ስንወጣ እኔ ስለ ጭላሎ እየለፈለፍኩ ተራራው ተገለጠ። ጋሽ ከድር ዳር ይዞ አቆመና ወደ ኋላ ዞሮ፣

"ጽጌ፣ ነገሩ ከመታየቱ በፊት ተናግረሽ ጨርሺ። ከታየ በኋላ ዝም በይ። ዓይን ሥራ ላይ ሲሆን ጆሮን ምን ታስቸግሪዋለሽ?" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የምናገረውን ሁሉ ቆላው ላይ ተናግሬ እጨርሳለሁ። ደጋው ላይ ዝም። እንግዶቹ መስኮት ላይ ተለጥፈው፣ የገብሱ ማሳ፣ ፈረስ ላይ ጋቢ የደረበው ሰው፣ ጉሙ ሲያልፍ። ደጋው ራሱ ከእኔ አፍ የተሻለ እንደሚናገር ገብቶኛል።

ሌላው ልማዱ ሞተር ማጥፋቱ ነው። መንደር ዳር ሲደርስ፣ ሰው ተሰብስቦ ባየ ቁጥር፣ መኪናውን ራቅ አድርጎ ያቆምና ሞተሩን ያጠፋል። ባርኔጣውን ያወልቅና በእግሩ ወደ ሽማግሌዎቹ ይሄዳል። "ነጋያ? ሰዉ ነጋያ? ከብቱ ነጋያ?" ይላል፤ ሰላም ናችሁ ወይ ማለቱ ነው። ገብሱን፣ ዝናቡን፣ የወለደችውን፣ የሞተውን ጠይቆ ሲያበቃ እጁን ያነሣልኛል፤ ያኔ እንግዶቹን ይዤ እወርዳለሁ። ሴቶቹ በጮጮ ወተት ያመጣሉ። "መጠጣት የማይችል ከንፈሩን ያስነካ፤ እምቢ ማለት ግን የለም" ብዬ አስቀድሜ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ለምን ሞተሩን እንደሚያጠፋ ስጠይቀው "ሞተር እያጓራ ሰላምታ መስጠት እየሸሹ እንደምን ዋላችሁ ማለት ነው" አለኝ። ቀብር ቢገጥመው ያጠፋል። ሙሽራ ቢገጥመው ያጠፋል። ባልደረቦቹ "ከድር መንጃ ፈቃድ ያለው ሽማግሌ ነው" እያሉ ያሾፉበት ነበር። እንግዳ ግን ከእሱ ጋር ሄዶ አንድም ቀን ድንጋይ ተወርውሮበት፣ ስድብ ሰምቶ አያውቅም። የሌሎቹን አልናገርም።

መንደር ምሥረታ አርሲ የገባው በዚያ ሰሞን ነው። ከየተረተሩ፣ ከየማሳው ዳር የነበረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በአንድ ሜዳ ላይ በመስመር እንዲሠፍር ታዘዘ። ጓድ ታምራት የሚታየውን አገኘ ማለት ነው። ከሳጉሬ ወደ በቆጂ ሲሄዱ መንገድ ዳር አንድ አዲስ መንደር ተሠርቶ ነበር፤ ስሙን አልጽፍም። "ከዛሬ ጀምሮ ምሳ በቆጂ፣ ከምሳ በፊት መንደሩ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ" አለን።

የዚያን ቀን የጫንነው ጥቂት ጀርመኖች ነበር፤ ከነሱ መሐል ሔልጋ የምትባል ጠና ያለች አስተማሪ አለች፤ የምነግራትን ሁሉ ደግማ የምትጠይቅ። ጓድ ታምራት ከጋሽ ከድር ጎን ተቀመጠ። እኔ እንደ ልማዴ ቆላው ላይ የምናገረውን ተናገርኩ፤ ስለ ሲንቄም ጭምር። ሴት ስትበደል፣ ይልቁንም አራስ ስትነካ፣ የአገሩ ሴቶች ሁሉ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ጊደር አርዶ ይቅርታ እስኪጠይቅ ቤታቸው አይገቡም፤ በፊታቸው የሚያልፍ ወንድ የለም አልኳቸው። ያን ያህል ዓመት ስናገረው እውነተኛ ሲንቄ ሲወጣ ግን አንድ ቀን ዓይቼ አላውቅም። የመንገድ ማሳጠሪያ ወሬዬ ነበር።

ከሳጉሬ በላይ ያለውን ጠመዝማዛ ዞር እንዳልን ጋሽ ከድር ፍሬኑን ያዘ። መንገዱ በሴት ተሞልቷል። ገና ሩቅ ናቸው፤ ዜማቸው ግን ይሰማል። በአንድ እጃቸው ሲንቄ፣ በሌላው ለምለም ሣር። ጋሽ ከድር ዳር ያዘ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ምን ሆነህ ነው የምታቆመው?" አለ ጓድ ታምራት።

"ሲንቄ ነው ጓድ።"

"ምንም ይሁን። ጥሩንባ ንፋና እለፍ።"

"አይታለፍም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ንዳ ብዬሃለሁ!"

ጋሽ ከድር በሩን ከፍቶ ወረደ። ከመንገዱ ዳር እፍኝ ሣር ነጭቶ ያዘና አንገቱን ደፍቶ ቆመ። የአርሲ ወንድ ልጅ ሲንቄ ሲገጥመው ማድረግ ያለበት ይኸው ነው፤ ሌላ ያደረገው የለም። በሕይወቴ አንገቱን ደፍቶ ሲኮራ ያየሁት ሰው እሱን ብቻ ነው።

ጓድ ታምራት ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ለእንግዳ የሚሆን ፈገግታ ለጥፏል፤ ድምፁ ግን ሌላ ነው። "ሠርግ ነው በያቸው።"

እንዴት ልበል? ሔልጋ "ሲንቄ! ሲንቄ!" እያለች ጓደኞቿን ታስነሣለች። ማለዳ የነገርኳቸውን ነገር አይተው አወቁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የት ሄጄ ልመልሰው! በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ካሜራዎቹም አብረው ወረዱ።

ሴቶቹን የምትመራው አዴ ገነሜ የምትባል አሮጊት ነች፤ ወተት ከምትሰጠን አንዷ ስለሆነች አውቃታለሁ። መጥታ ፊቴ ቆመች። ነገሩን በኦሮምኛ ነገረችኝ፦ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሰዎች ይዞ መጥቶ፣ "ወደ መንደሩ አልገባችሁም" ብሎ የአንዲትን አራስ ቤት ጣራ በላይዋ አፍርሶታል። ሕፃኑ ገና ቀናት ነው የሆነው። ሌሊቱን ዝናብ ነበር። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ንገሪያቸው። ይህን ሩቅ አገር ያሉ ሴቶችም ይስሙ" አለችኝ።

ሔልጋ ክንዴን ይዛለች። "ማን ነው የበደላቸው? የተበደለችው የታለች?" ጓድ ታምራት ከኋላዬ ቆሟል፤ እንግሊዝኛ ይሰማል። ቤት ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አባታቸው የለም። አፌን ከፈትኩ። ያኔ ጋሽ ከድር አንገቱን ሳያቀና፣

"ጽጌ፣ ታይቷል። ዝም በይ" አለኝ።

ዝም አልኩ። ሔልጋ ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ ከእኔ ስታጣ ወደ እሱ ሄደች። ጋሽ ከድር የሚያውቀው እንግሊዝኛ "ጉድ ሞርኒንግ"ና "ዋተር" ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ሣሩን ከብብቱ አደረገና በሁለት እጁ ጣራ ሠርቶ አሳያት። "ሀውስ" አለ። ጣራውን አፈረሰው። ከዚያ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ክንዱን አጠፈና "ቤቢ" አለ። ጣቶቹን እያንጠባጠበ ሰማዩን አሳያት። ሔልጋ አፏን በእጇ ያዘች። ከእሱ የበለጠ ያስተረጎመ አስተርጓሚ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሴቶቹ መርቀውን፣ ወደፊት ግን እንዳናልፍ ነግረውን፣ መኪናውን አዙረን ተመለስን። ጋሽ ከድር ናዝሬት እስኪደርስ አንድ ጉድጓድ ሳያስነካን ነዳ። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ የእንግዶቹ ፊልም ተሰበሰበ። በማግሥቱ ጠዋት ጎማውን እየዳበሰ ሳለ መጥተው ወሰዱት።

ለእኔ ተራ የደረሰኝ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ኮሚቴው ጓድ ታምራትና ከላይ የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ክሱ፣ ጋሽ ከድር የሴቶቹን ሰልፍ ቀድሞ ያውቅ ነበር፣ ፈረንጅ አምጥቶ ሊያሳይላቸው ከነሱ ጋር ተመካክሯል የሚል ነው። ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን ሳወጣና ሳወርድ አድሬያለሁ። ሰውየውን ካወቁት ይለቁታል ብዬ ነው። እንዴት ያለ ጅልነት ነው እባካችሁ!

"ሞተሩን ያጠፋው ሴቶቹ ሳይደርሱ ነው ወይስ ከደረሱ በኋላ?" አለኝ ከላይ ከመጡት አንዱ። ጨዋ ድምፅ ነበረው።

"ሳይደርሱ። እሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ሰው ተሰብስቦ ካየ ያጠፋል።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ። ዱሮም። ለቀብርም፣ ለሠርግም። በየመንደሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሽማግሌዎቹን ሰላም ሳይል እንግዳ አያስወርድም። ጨዋ ሰው ነው። አገሩ ሁሉ ያከብረዋል።"

"በየመንደሩ የሚያውቃቸው ሽማግሌዎች አሉ?"

"በየመንደሩ!" አልኩ፤ ደስ ብሎኝ። እየጻፈ ስለነበር የገባው መስሎኝ።

"ምን ያወራሉ?"

"ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ። ሰላምታ ነው።"

"አንቺ አጠገባቸው ቆመሽ ትሰሚያለሽ?"

"እኔ ከእንግዶቹ ጋር መኪናው ዘንድ ነኝ።"

"እንግዲያው ምን እንደሚያወሩ አታውቂም።"

ጓድ ታምራት እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ፈገግ አለልኝ፤ አብሬው ስሠራ ለእኔ የሰጠኝ የመጀመሪያ ፈገግታ ነው። "አመሰግናለሁ ጓድ ጽጌ። ብዙ ረድተሽናል" አለ። አንድ ቀን ትእዛዝ እምቢ ያለው ሹፌር፣ እኔ ከዚያ ክፍል ስወጣ፣ ለዓመታት በየመንደሩ ከገበሬ ጋር ሲመካከር የኖረ ሰው ሆኗል። የመሰከርኩለት መልካም ጠባይ አንድ በአንድ ክስ ሆኖ ተጻፈ። መዋሸት እችል ነበር፤ ሰነፍ ነው፣ ፈሪ ነው፣ ሴት ሲያይ ይደነግጣል ልል እችል ነበር። ይስቁና ይለቁት ነበር። እውነት ያድናል ብለው ያሳደጉኝን ሁሉ እስከ ዛሬ እታዘባቸዋለሁ።

መንገዱን አልተውኩትም፤ ልጆች ማሳደግ አለ። በሌላ ሹፌር ወደ ደጋው ስንመለስ አዴ ገነሜ ከአዲሱ መንደር ጫፍ ወጥታ መስኮቴ ላይ መጣች።

"ያ ሰውዬ የታለ?"

"አሰላ ታስሯል።"

"በምን?"

"በዚያ በሲንቄያችሁ ቀን ነዋ፣ አዴ።"

"እኛ እኮ ታረቅን!" አለች ጮኻ። "ሊቀመንበሩ ጊደር አርዶ፣ ሣር ይዞ፣ ይቅር በሉኝ ብሎ አራሷ ፊት ወድቋል። ወተት ጠጥተናል። ታዲያ እሱን ማን ይዞት ቀረ?"

ባለቤቶቹ ይቅር የተባባሉበትን ጠብ መሥሪያ ቤት ተቀብሎ ይዞታል። ሴቶቹ በኋላ ሲንቄያቸውን ይዘው አሰላ ድረስ በእግር ወርደው እስር ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር አሉ። ዘበኛው በሰደፍ መለሳቸው። ሲንቄ የሚመልሰው የሚያፍርን ሰው ነው፤ የማያፍር ሲመጣ እንጨት ነው።

ጋሽ ከድር ዓመት አልፎት፣ ፍርድ ሳይሰጠው፣ "ሂድ" ተብሎ ወጣ። መንጃ ፈቃዱን አልመለሱለትም። በሰማሁ ጊዜ የወንጂ ስኳር በወረቀት አስጠቅልዬ ለገሃር ጀርባ ካለው ቤቱ ሄድኩ። ግንብ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ከስቷል፤ ሲስል ጎድኑን በእጁ ይይዛል። ልጆቼን በየስማቸው ጠየቀኝ። ሚስቱ ሻይ ልታፈላ ገባች።

"ጋሼ፣ ለኮሚቴው የተናገርኩት…" ብዬ ጀመርኩ።

"አውቀዋለሁ። መርማሪው እያነበበልኝ ነበር" አለ። "አንድም ውሸት የለበትም። ደግ ደጉን ነው የተናገርሽው።"

"ይለቁሃል ብዬ ነው።"

"መቼ አጣሁት።" ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ቀጠለ። "ሲይዙኝ እኮ ግትር ሹፌር መስዬአቸው ነበር፤ ለግትር ሹፌር ቅጣቱ ጥፊ ነው። ማን እንደሆንኩ አያውቁም ነበር። የነገርሻቸው አንቺ ነሽ፣ ጽጌ።"

ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ስንት ጥሩ ሰው አብሮኝ ሠርቷል፤ መንግሥት ተለውጧል፣ አለቃም ተለዋውጧል። የትኛውም አለቃ ጠርቶ "እገሌ እንዴት ያለ ሰው ነው?" ሲለኝ "አላውቀውም" እያልኩ ጡረታ ወጣሁ።